የአቶ ሸምሱን ሚሌቼንቶ ዝቅ ያደረግሁበት ክረምት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ሴት ሆነሽ ባሌስትራ ቤት እንዴት ገባሽ?» መልሱ አጭር ነው። በመጥረጊያ ገባሁ።

ዲላ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው የሠራው ጋራዥ ነበር። ደርግ ሲመጣ ተወረሰና የቡና ጭነት መኪናዎች የሚጠገኑበት የመንግሥት ጋራዥ ሆነ። እኔ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ወለል እጠርጋለሁ፣ የተፈታ ዕቃ በናፍታ አጥባለሁ። ደመወዙ የጽዳት ደመወዝ ነው፤ ከዚህ በላይ ወሬ አይፈልግም። ፊደል የቆጠርኩት እዚያው እየሠራሁ፣ ሁለት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አንዴ ከያዝኩት ግን አልለቀቅኩትም። ከዘመቻው ወደ ማታ ትምህርት አለፍኩ። ከቀበሌው ንባብ ቤት መጽሐፍ እየተዋስኩ የምሳ ሰዓቴን በንባብ አሳልፍ ጀመር። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም ነበር፤ ዛሬም አላወራም። የጋራዡ ሰዎች «መምህሯ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም እንደ ስድብ አልቆጠርኩትም።

በጋራዡ ጀርባ የባሌስትራ ቤት አለ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ባሌስትራ ማለት እንደ ቀስት የጎበጡ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ የብረት ምላሶች ናቸው። መኪናውን ከአክስሉ በላይ ተሸክሞ የመንገዱን ጉድጓድ የሚውጥለት እሱ ነው። ዕድሜ ሲጫነው ይረግባል፣ ሲብስበትም ይሰበራል። የረገበውን በእሳት መልሶ የሚያጎብጥ ሰው ያስፈልጋል። የእኛ ሰው ጋሽ ተክሌ ይባላል። ከወናፉ፣ ከመስፉና ከተቃጠለ ዘይት በርሜሉ ጋር ለብቻው የሚኖር፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። ሥራውን የተማረው በወጣትነቱ ከጣሊያኖች ነው። ከእነሱ የወረሰው የዕቃዎቹን ስም ነው፤ ጠባዩ ግን የራሱ ነው።

አንድ ቀን የማጥበውን የባሌስትራ ምላስ ሌላው ላይ ስጥለው ድምፁ አላማረኝም። ሌሎቹ ሲነኩ ይጮኻሉ፤ ይሄኛው ዝም አለ። ይዤለት ሄድኩ።

«ይሄ ታሟል መሰለኝ» አልኩት።

በሽቦ አንጠልጥሎ በትንሿ መዶሻ መታ አደረገው። አገላብጦ ወደ ብርሃን አቀረበው። ከመሃሉ ቀዳዳ ጀምሮ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ነበረች።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ ለረዳትነት እንድሰጠው ጠየቀ። እናቴ ይህን ስትሰማ ለቀናት አኮረፈችኝ። በእኛ በጌዴኦዎች ዘንድ በድሮው ጊዜ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ከሌላው ጋር አይጋባም ነበር። እሷ ደግሞ የወንጌል አማኝ ብትሆንም ይህን ገና አልጣለችም ነበር። «ጥረጊ ብዬ ብልክሽ ቀጥቃጭ ሆነሽ መጣሽ» አለችኝ። አባቴ ግን «አግብታ ወልዳለች፣ አሁን ማን ይከለክላታል?» ብሎ ሳቀና ነገሩ በዚያው አለፈ።

ከጋሽ ተክሌ የተማርኩትን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። ልማዶቹን ግን መዝለል አልችልም። ብረት እሳት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጉብጠቱን በጠመኔ ሲሚንቶው ወለል ላይ ይስላል። ቀጥቅጦ ሲጨርስ ምላሱን መስመሩ ላይ ያጋድማል። ከመስመሩ ወጥቶ ክፍተት ካሳየ እንደገና ወደ እሳት ይመልሰዋል። ብረቱ ቀይ እስካለ ድረስ አይናገርም፣ ሰውም እንዲናገረው አይፈልግም። ከእሳት ያወጣውን በዘይት በርሜል ውስጥ ነክሮ ያጠነክረዋል። በዘይት ነክሮ የተወው ብረት ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ስለዚህ መልሶ በቀስታ ያሞቀዋል። ይህን ማሞቅ የሚለካው በዓይን አይደለም። የደረቀ የቡና ግንድ እንጨት ነበረው፤ በዚያ የብረቱን ጀርባ ያሽ ነበር። የቡና እንጨት ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይነድም። መጀመሪያ ይቧጥጣል፣ ይከብዳል። ሙቀቱ ልክ ሲደርስ ቅቤ እንደተቀባ ይንሸራተትና ጫፉ ፍንጣሪ ያወጣል። ያኔ ብረቱን አውጥቶ በአመድ ውስጥ ይቀብረዋል። ያችን ቅጽበት ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። የመጀመሪያ ክረምቴን ያሳለፍኩት እንጨት እያሸሁ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ሳልሳሳት አገኛት ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም።

በቡና መልቀሚያ ወራት ከጭነት መኪናዎቹ ጋር እንመደባለን። ኮንጋ፣ ባንኮ ጎቲቲ፣ ፍስሐ ገነት፤ ቡና ማጠቢያ ባለበት ሁሉ ጭቃ አለ፣ ጭቃ ባለበት ደግሞ የተሰበረ ባሌስትራ አለ። ከመኪናው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ቡሎን ስፈታ ሾፌሮቹ ከላይ ሆነው ይጠይቁኛል፦ «መምህሯ፣ እዚያ ታች ምን ትያለሽ?» «ሳትቀባ የተውካትን ግራሶ አያለሁ» እላለሁ። ሁለተኛ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጃችን ጭሱን ስለሚፈራ ባሌስትራ ቤት ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ተስማምተን ኖርን። ከእሱ በኋላ ጓድ ወርቁ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ንጹሕ ሸሚዝ የሚወድ፣ ዕቅድ የሚወድ፣ ነገር ሁሉ በቦታው እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ነበር። ጋሽ ተክሌ ጡረታው ሲቃረብ ጓድ ወርቁ ቢሮው አስጠራኝ።

«ስምንተኛ ክፍል ጨርሰሻል አሉ።»

«አዎ ጓድ።»

«በጣም ጥሩ። ከከሰል ትወጫለሽ። ዕቃ ግምጃ ቤት ተደላድለሽ ትቀመጫለሽ። የባሌስትራ ቤቱን እንዘጋዋለን፤ ከእንግዲህ ከወዳጅ አገሮች አዲስ ነው የሚመጣው።»

የተማርኩት ከምድጃው ለመውጣት አልነበረም። ግን ይህን ለሱ እንዴት እንደምለው አላወቅኩም። ዝምታዬን እንደ እሺታ ሊወስደው ሲል ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ የቆመው ጋሽ ተክሌ ተናገረ።

«ጓድ፣ ከእኔ በኋላ ምድጃውን እሷ ትይዘዋለች ብዬ ነው ያሠለጠንኳት።»

ጓድ ወርቁ ሁለታችንንም አየን። «እንግዲያው አንድ ሥራ ብቻዋን ትሥራ። አንተ እጅህን ሳታስገባ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ካማረ ምድጃው የሷ ነው። ካላማረ ይዘጋል፣ እሷም የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ትረከባለች።»

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ክረምት ገባ። በክረምት የቡና ጭነት ስለሚቀዘቅዝ ጋራዡ በፈቃድ የግል መኪናም ይቀበል ነበር። የመጀመሪያዋ የመጣችው የአቶ ሸምሱ ሚሌቼንቶ፣ ትንሿ የጣሊያን መኪና ናት፤ ፈተናዬም እሷ ሆነች።

አቶ ሸምሱ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ቤተሰቦቹ ከመሃል አገር መጥተው ዲላ የከረሙ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። በየገበያው ቀን ከባለቤቱ ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር ጣቃ ይዘው ፍስሐ ገነት ይሄዳሉ። ሚሌቼንቶዋን የገዛት ከአብዮቱ በፊት ነው። ያኔ ለምድር የቀረበች፣ ቆንጆ የቤት መኪና ነበረች። ጭነት ሲበዛባት አንዱ ብልህ ነኝ ባይ ከኋላ የትንሽ ጭነት መኪና ባሌስትራ ጨመረላት፣ ከፊት ደግሞ ከጠመዝማዛ ሞላዎቿ ሥር ወፍራም ቀለበት አስገባላት። ከዚያ ወዲህ ቆማ ስትታይ ጭቃ እንዳይነካት ቀሚሷን ሰብስባ የቆመች ሴት ትመስል ነበር። በቀጥታው መንገድ ትዘላለች፣ በኩርባው ደግሞ ወደ ገደሉ ታጋድላለች።

«እኔ በዚህች መኪና ስሄድ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ወናጎ ሳንደርስ እጨርሳለሁ» አለችኝ ወይዘሮ ዘይነባ። «የሚቀረውን መንገድ ባዶ እጄን ነው የምሄደው።»

«አታጋኚ» አላት አቶ ሸምሱ።

«መጀመሪያ ዝቅ ታድርግልህና ያኔ አታጋኚ ትለኛለህ። ካልሆነ ብቻህን ሂድ፣ ጣቃውንም አንተው ለካ።»

ሥራውን በደስታ ጀመርኩ። አንድ መኪና ዝቅ ማለቷ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ሞላዋን በእሳት ቆርጦ ማሳጠር ማንም ይችላል። እንዲያ የተቆረጠች መኪና ግን ዝቅ ትላለች እንጂ መንገድ አትይዝም። እኔ የፈለግኩት ኩርባው ላይ ሳታጋድል መሪዋን ሰምታ እንድትዞር ነው። ለዚህ ከኋላ የተጨመረውን የጭነት መኪና ምላስ አውጥቼ ጣልኩ። የራሷን ምላሶች አንድ በአንድ አንጠልጥዬ ድምፃቸውን ሰማሁ። ጠመኔ ይዤ ወለሉ ላይ አዲስ መስመር ሳልኩ፤ ከድሮው ረጋ ያለ፣ ብዙ ያልጎበጠ። ቀጥቅጬ፣ በዘይት ነክሬ፣ በቡና እንጨቱ አሽቼ፣ መስመሩ ላይ ሳጋድማቸው ከመስመሩ የወጣ አልነበረም። ጋሽ ተክሌ እጁን ላለማስገባት እንደ እስረኛ ወደ ኋላው አጣምሮ ይመላለስ ነበር። ከፊት ያሉትን ቀለበቶች አወጣሁ። ሁለቱን ሞላዎች ጎን ለጎን አቁሜ ቀጥ ባለ እንጨት ለካሁ፤ አንዱ ስለረገበ ከወዳደቁ መኪናዎች መካከል ጓደኛውን ፈልጌ አገኘሁለት። የመኪናዋን ዝላይ የሚያበርዱትን የአሞርቲዛተሮቹን ዘይት በወፍራም ለወጥኩ። በየመጋጠሚያው ያሉትን የተበሉ የጎማ ቡሾች ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቀርጬ ሠራሁ። የጎማዎቹን አቅጣጫ በሲባጎ ገትሬ አስተካከልኩ።

ከፍታዋን ከመወሰኔ በፊት አቶ ሸምሱን ጠየቅኩት።

«ምን ያህል ትጭናለች?»

«እኔና ዘይነባ፤ ሌላ ማን አለ? ጣቃው ደግሞ ከኋላ።»

የት እንደሚቀመጡ ጠይቄ ሁለቱንም በየቦታቸው አስቀመጥኳቸው። ጣቃውንም አስጫንኩ። ባዶ መኪና አልለካም ነበር፤ ይህም የጋሽ ተክሌ ትምህርት ነው። በልኩ ዝቅ አደረግኳት። ስትወጣ የጋራዡ ሰዎች ሥራቸውን አቁመው አዩዋት። አቶ ሸምሱ እስከ ወናጎ ነድቶ ተመለሰና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ በአስፋልቱ ላይ ተኝታ ነው የምትሄደው» አለኝ። ጓድ ወርቁ ከበረንዳው ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። የዚያን ቀን እንዴት እንደኮራሁ ለማንም አልተናገርኩም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ የእኛ ጋራዥ ሾፌር ከይርጋጨፌ ሲመለስ ወሬውን ይዞ ገባ። ከወናጎ ወደ ዲላ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ በዝናብ፣ ሚሌቼንቶዋ ከኩርባው ወጥታ ቡና ውስጥ ገብታለች። ቡናው ባይይዛት ታች ገደል ነው። የሞተ ሰው የለም። አንዲት አሮጊት ግን ክንዳቸው ተሰብሯል።

ከጋሽ ተክሌ ጋር ሄድን። የመኪናዋ ፊት ከሁለት የቡና ዛፎች መካከል ገብቷል። ጭቃ ውስጥ ተኝቼ ከሥር አየሁ። ባሌስትራው አልተሰበረም፣ ስንጥቅም የለበትም። አክስሉ ወለሉን እንዳይመታ የሚከለክለው መመለሻ ጎማ ግን ተደቁሶ ጠፍቷል። ነገሩ ገባኝ፤ ከኋላ ከልክ በላይ ተጭና አክስሉ ከወለሉ ጋር ተላትሟል፤ ስትላተም ዘለለች፣ ኩርባ ላይ የዘለለ ጎማ ደግሞ መንገድ አይይዝም።

ጋሽ ተክሌ ዝናቡ ውስጥ ወደቆመው አቶ ሸምሱ ዞረ።

«ስንት ሰው ነበራችሁ?»

«እኔና ዘይነባ።»

«ክንዳቸው የተሰበረው ሴትዮስ?»

«እማማ ሣራ እንኳ መንገድ ላይ ነው የገቡት፤ ኮንጋ።»

«ሌላስ?»

«የኮንጋው መምህር ከነሚስቱ። እነሱም መንገድ ላይ። ከዚያ ወንጌላዊው። ከዚያ አንዲት ሴት ከነቅርጫቷ። ወላሂ፣ ሌላ የለም።»

«ታዲያ ስትጠይቅህ ምነው አልነገርካትም?»

አቶ ሸምሱ ከልቡ ግራ ገባው። «የጠየቀችኝ የምንጭነውን ነው እኮ ጋሽ ተክሌ። እነሱ ጭነት አይደሉም፤ ሰዎች ናቸው።»

ልቆጣው አልቻልኩም። አልዋሸም። በእኛ መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ በሚመጣበት፣ ነዳጅ በኩፖን በሚሰጥበት ጊዜ፣ የሚያውቅህን ሰው ዝናብ ላይ ትተህ ማለፍ የሚባል ነገር የለም። የቆመ ሰው ይገባል፤ ማንም አይቆጥረውም። እኔ ራሴ ከወላጆቼ ዘንድ ስመለስ ስንት ጊዜ በሰው ጉልበት ላይ ተቀምጬ ዲላ ገብቻለሁ። እኔንም የቆጠረኝ አልነበረም።

«ብረቱ ደህና ነው» አለኝ ጋሽ ተክሌ ስንመለስ። ማጽናናት አያውቅበትም፤ እኔም አልፈለግኩም።

ጓድ ወርቁ በማግስቱ አስጠራኝ። «እኔ ቀድሜ የፈራሁት ይህንን ነው» አለኝ፤ ሳይጮህ። ጩኸቱ ይሻለኝ ነበር። «የግምጃ ቤቱን ዕቃ መቁጠር ጀምሪ።»

አቶ ሸምሱ ግን መኪናዋን በሌላ መኪና አስጎትቶ መልሶ ጋራዡ በር ላይ አቆማት። «ያወረደቻት እሷ ናት፣ የምታቃናትም እሷ ናት» አለ። ጓድ ወርቁ ሌላ ጋራዥ እንዲፈልግ ሲነግረው ወይዘሮ ዘይነባ ገባችበት። «ጓድ፣ ይቺን መኪና ስንት ሰው ነካካት። ከመንካቷ በፊት የት እንደምቀመጥ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። ከሷ ሌላ ሰው ከነካት እኔ አልገባባትም።» ጓድ ወርቁ በሴት ፊት መከራከር አይወድም። «ይሁን» አለ። «የመጨረሻ ነው። ከዚህ በኋላ እኔም አልሰማ፣ እናንተም አትምጡ።»

ከሁሉ በፊት እማማ ሣራ ዘንድ ሄድኩ። ወጌሻው ክንዳቸውን በቀርከሃ ስንጥር አስሮላቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አማርኛቸው የጌዴኦ አማርኛ ነው፤ እኔም በጌዴኦኛ ብጀምራቸው እሳቸው በአማርኛ መለሱልኝ።

«መኪናው የሠራው አንቺ ነው?»

«አዎ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ነው። እንቅልፍ ይወስዳል። መጨረሻው ላይ ብቻ ነው የከፋው።» ከዚያ ደህናውን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ። «መጨረሻውን አስተካክል፤ እኔ እመጣል።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ወናጎ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ አልገለጥኩትም። ጠዋት የሚያልፉትን ትንንሽ መኪናዎች አየሁ፤ ቀለል ብለው፣ ኋላቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ኋላቸው አስፋልት ሊልስ ነው። በመስኮቱ የዶሮ ጭንቅላት ይታያል፣ በሩ በገመድ ታስሯል፣ ሾፌሩ ግማሽ ወንበር ላይ ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ነው የገባኝ። በእኛ አገር አንዲት መኪና ሁለት ክብደት አላት፤ የመሄጃዋና የመመለሻዋ። እኔ የለካሁት የመሄጃዋን ብቻ ነው።

መኪናዋን ከፍ አድርጌ ብመልሳት እንደ ድሮው ታጋድላለች። እንደነበረች ብተዋት ትላተማለች። የጭነት መኪናዎቹን አስታወስኩ። አንዳንዶቹ ከዋናው ባሌስትራ ተለይቶ የተቀመጠ አጭር፣ ወፍራም ምላስ አላቸው። ባዶ ሲሆኑ ያ ምላስ ሥራ ፈቶ ይኖራል፤ ሲጫኑ ግን ዋናው ይረግብና ይደርስበታል፣ ያኔ አብሮ ይሸከማል።

«ለዚህች ትንሽ መኪና ይሆናል?» ስል ጋሽ ተክሌን ጠየቅኩት።

«መኪናዋ ትንሽ ናት» አለኝ። «የምትጭነው ግን ትንሽ አይደለም።» ምን ማድረግ እንዳለብኝ አልነገረኝም። እጁን መልሶ ወደ ኋላ አጣመረ።

ከወደቀ ባሌስትራ አንድ ጤነኛ ምላስ መረጥኩ። ድምፁ እንደ ደወል ነው። አሳጠርኩት፣ ጫፎቹን አሳሳሁ፣ ጠፍጣፋ አድርጌ ቀጠቀጥኩት። ችግሩ ክፍተቱ ነው፤ ብዙ ካራቅኩት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ካቀረብኩት ሁልጊዜ ይሠራና መኪናዋን ያደርቃታል። ከመስፉ ፊት ብዙ ጊዜ ቆምኩ። ከእሳት ወደ ጠመኔው፣ ከጠመኔው ወደ እሳት ስመላለስ ጋሽ ተክሌ አንድ ጊዜ ብቻ ሳል ሳል አለ፤ ዞሬ ሳየው ብረቱ ከልክ በላይ ሊቀላ ነበር። ይህን እጅ ማስገባት ብለን አልቆጠርነውም። ጫፎቹ ሲነካኩ እንዳይጮኹ የጎማ ቁራጭ አለበስኳቸው።

ከዚያ ልኬት። የጋራዡን ሰው ሁሉ ጠራሁ። «ግቡ» አልኳቸው።

«ስንታችን?»

«እስክትሞላ።»

ገቡ። ብየዳ ሠሪው ጎማ አዳሹ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። ጥበቃው ከነዱላው ገባ። እኔ ከሥር ተኝቼ በአክስሉና በመመለሻ ጎማው መካከል መዳፌን አስገባሁ።

«መምህሯ፣ ወደ ይርጋጨፌ ነው ወይስ ወደ ሲኦል?» አለ ብየዳ ሠሪው ከላይ።

«አትነቃነቅ።»

ጓድ ወርቁ ከበረንዳው «ይህ ደግሞ ምን ጨዋታ ነው?» አለ።

«ልኬት ነው ጓድ» አልኩ ከመኪናው ሥር። ሞልታም ቢሆን መዳፌ አልፎ ነበር። ሁሉም ወርደው ሁለት ሰው ሲቀር ደግሞ በዋናውና በአጭሩ ምላስ መካከል ጣቴ አለፈ። እንደፈለግኩት ነው።

በገበያው ቀን ከእነ አቶ ሸምሱ ጋር ፍስሐ ገነት ሄድኩ። ስንሄድ ከኋላ፣ ከአክስሉ በላይ ተቀመጥኩ። የባሌስትራን እውነት የሚያውቀው ከኋላ የተቀመጠ ነው፤ ሾፌር ፊት ስለሆነ ሁሉም ጥሩ ይመስለዋል። ስንመለስ ዝናብ ጀመረ። ኮንጋ ላይ እማማ ሣራ ክንዳቸውን እንዳንጠለጠሉ ቆመው ነበር፤ ከፊት፣ ከወይዘሮ ዘይነባ ጎን ገቡ። ወንጌላዊው ገባ። አንዲት ሴት ከነዶሮዋ ገባች። ይርጋጨፌ መውጫ ላይ ደግሞ ጃንጥላ የያዘ ሰው መንገዱ ዳር ቆሟል። ንጹሕ ሸሚዙ በጭቃ ተረጭቷል። ጓድ ወርቁ ነው። ከትናንት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበር፤ የቢሮው መኪና ነዳጅ አልቆበት ቆሟል።

አቶ ሸምሱ አቆመ። «ጓድ፣ ግቡ እንጂ።»

«ሞልታችኋል።»

«የት ሞላን? እርስዎ ሲገቡ ነው የምትሞላው።»

ጓድ ወርቁ መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰማዩን አየ። «የወናጎ ቁልቁለት ጋ ስንደርስ አውርዱኝ። በእግሬ እወርደዋለሁ።»

«እሺ ጓድ» አልነው ሁላችንም።

በእኔና በወንጌላዊው መካከል ተጨምቆ ገባ። ሴትየዋ «ይያዙልኝ» ብላ ዶሮዋን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። እሱም ያዘላት። ስንነሳ መኪናዋ ከኋላ ስትረግብ ተሰማኝ። ከዚያ አጭሩ ምላስ ደረሰ። ድምፅ የለውም፤ አንድ ሰው ከሥር እጁን ሰጥቶ «ይዤአለሁ» እንዳለ ነው የሚሰማው። ወናጎን አለፍን። ቁልቁለቱ ጀመረ። ኩርባው ላይ ቡናዎቹ የተሰበሩበት ቦታ ይታያል። እኔ በእግሬ ወለሉን እሰማለሁ። አቶ ሸምሱ መሪውን አዞረ። ሚሌቼንቶዋ ዝቅ እንዳለች፣ ሳታጋድል፣ ሳትላተም፣ መስመሯን ይዛ ዞረች። ሁለተኛው ኩርባ መጣ፣ እሱንም ዞረች።

እማማ ሣራ ከፊት ሆነው «አሁን መጨረሻው ጥሩ ነው» አሉ።

ያኔ ነው ትከሻዬ መክበዱ የታወቀኝ። ጓድ ወርቁ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ተኝቷል። ዶሮዋም ጉልበቱ ላይ ተኝታለች። የሚቀሰቅሰው አልነበረም። ወይዘሮ ዘይነባ ዞራ አየችውና መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች።

ዲላ መግቢያ ላይ መኪናዋ ስትቆም ነቃ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

«ቁልቁለቱ ጋ አውርዱኝ ብዬ አልነበር?»

«አለፍነው ጓድ» አለ አቶ ሸምሱ።

«መቼ?»

ጓድ ወርቁ ዶሮዋን ለባለቤቷ ሰጠ። ሸሚዙን አራግፎ ወረደ፣ ጃንጥላውን ዘረጋ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰና በመስኮቱ ጎንበስ አለልኝ።

«ነገ ከሰል ይመጣል» አለኝ። «ቀደም ብለሽ ግቢና ተረከቢ።»

በማግስቱ ቀደም ብዬ ገባሁ። ደርግ ወረደ፣ ጋራዡም ሦስት ጊዜ ስሙን ለወጠ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግን ከዚያ ምድጃ ፊት ያነሳኝ ሰው አልነበረም።